ክንድና ሲባጎ፦ አምስት ቀን በሰሜን ሸዋ ቤቶች መካከል

ረቡዕ፣ ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም. — ከላም በረት እስከ ደብረ ብርሃን

እቴቴ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሊሠሩ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በ200 ካሬ ሜትር ቦታቸው ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት እንዲቆምላቸው ይፈልጋሉ። የእኔ እንጀራ የሕንፃ ንድፍ ስለሆነ ፕላኑ በእኔ ላይ ወደቀ። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ከማስመሬ በፊት የአገሩን ቤት በእጄ ልለካ ብዬ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወሰድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ወፍራም ሹራብ፣ ባለ አምስት ሜትር መለኪያ፣ ደብተርና ሁለት እርሳስ ነበሩ።

ከላም በረት መናኸሪያ ሚኒባሱ 75 ብር ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ አስፋልት ስለሆነ የምለው የለኝም። ሸኖ ላይ ሻይ ለመጠጣት ስንወርድ ቅቤ የያዙ ሴቶች ከበቡን። ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ የቀመሰ አልነበረም፤ ሁለት ተሳፋሪዎች ግን ለቤታቸው ገዙ። ከጫጫ በኋላ ሜዳው ሲዘረጋ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የድርቆሽ ክምር ነበር። ገበሬው ክምሩን ከወገቡ ጎበጥ፣ ከጫፉ ሾጠጥ የሚያደርገው ዝናቡ ሳይሰርግ ተንሸራቶ እንዲወርድ ነው። ከአጠገቡ ያለው የሣር ቤት ጣራም ያንኑ ቅርጽ ይዟል። በየግቢው የተከመረው ኩበት እንኳ ከላይ ሾጥጦ ጎጆ መስሎ ይታያል። ሦስቱንም የቀረጻቸው ያው ዝናብና ያው ነፋስ ስለሆነ ወንድማማች ይመስላሉ። የመጀመሪያውን ሥዕል የሣልኩት እዚያው መኪናው ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ የከተሙባት ይህች ከተማ በጥር ሌሊት ውርጭ ታወርዳለች። ስደርስ ፀሐይ ነበረች፤ ጥላ ውስጥ ስገባ ግን ሹራቤን ፈለግሁ። አንድ ማኪያቶ 9 ብር ነበር፤ አዲስ አበባ ሰፈሬ ውስጥ 13 ብር እከፍል ነበር።

እቴቴ ካሳረፉኝ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ጎረቤታቸው አዲስ ሕንፃ ወሰዱኝ። «እንደዚህ ይሁንልኝ» አሉ። ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ መስታወቱም ወደ ምዕራብ። ከሥር የቆሙት አራት ምሰሶዎች ቀጫጭን ሆነው የሚሸከሙት ሰገነት ከባድ ነው፤ ሰው ልጁን ከአቅሙ በላይ አሸክሞ እንደሚያስጨንቀው ዓይንን ያስጨንቃል። አምስት ዓይነት መስኮት ቆጠርኩ፤ አንዱ ከሌላው ጋር በቁመትም በወርድም አይገናኝም። የቤቱ እመቤት በደግነት ቡና አፈሉልን። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ በሙቀት መቀመጥ እንደማይቻልና ሌሊት ደግሞ መስታወቱ ብርዱን እንደሚያስገባ፣ በሁለት መጋረጃና በከሰል ማንደጃ እንደሚያሳልፉት ነገሩን። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ቤት ነው። የጎደለው ልክ ነው።

በእኛ ቋንቋ «ልክ» የሚለው ቃል መጠንም ትክክልም ማለት መሆኑን በሥራዬ ዘመን ሁሉ አስበዋለሁ። ልክ መውሰድ እንላለን፤ ልክ ነህ እንላለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ በጻፋቸው 10 መጻሕፍት ውስጥ የሚለው ከዚህ አይርቅም። አንድ ሕንፃ ሊጸና፣ ሊጠቅምና ሊያምር ይገባል ይላል። ውበቱ የሚገኘውም የእያንዳንዱ ክፍል መጠን ከሌላው ክፍልና ከጠቅላላው ጋር ሲዛመድ ነው፤ መልኩ ባማረ ሰው አካል ላይ እንደምናየው። የሰው ፊት የቁመቱ አንድ 10ኛ፣ ከተረከዝ እስከ ጣት ያለው እግሩ አንድ 6ኛ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ክንዱ አንድ 4ኛ ነው ብሎ ጽፏል። ያን ሌሊት በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ለእቴቴ ይህን በምን ቃል እንደምነግራቸው ሳስብ አመሸሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 16 — አንኮበር

ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ 40 ብር ነበር። ስወርድ ሻንጣዬን እንጂ መለኪያዬን አላወረድኩም። ሹፌሩን በስልክ ባገኘውም ሌላ ተሳፋሪ ጭኖ ተመልሷል፤ መለኪያውም ወንበሩ ላይ አልተገኘም። በከተማው ሱቆች ብጠይቅ ያለው የልብስ ስፌት ሜትር ብቻ ነው፤ እሱንም ልብስ ሰፊው ሊሸጥልኝ አልፈለገም። በ15 ብር አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዛሁና ከክርኔ እስከ መካከለኛው ጣቴ ጫፍ እየለካሁ 12 ቦታ ቋጠርኩት። ክንዴ 43 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በጊዜው እጅግ ተናድጄ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ግን ከዚያ ሲባጎ የተገኘ ነው።

የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አቀበት ነው። ላዩ ላይ ስትደርሱ በስተምሥራቅ ምድር ከእግር ሥር ትጠፋለች፤ ተረተሩ እየተንደረደረ ወርዶ እስከ አፋር ቆላ ይጨልማል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግሊዛዊውን መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስንና ጓዶቹን እ.ኤ.አ. በ1841 የተቀበሉት በዚህ አገር ነው፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዝለቃቸው በፊት የገዙት ከዚህ ነው። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት ነው። በቦታው ላይ በኋላ የታነጸው ሎጅ ግን ድንጋይና ዕንጨት ይዞ፣ ከኮረብታው ወገብ ሳይወጣ የተቀመጠ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። የኮረብታ ቤት ከኮረብታው ጋር መፎካከር የለበትም። ጥብስ 110 ብር ከፈልኩ፤ በአዲስ አበባ ሒሳብ ርካሽ፣ በአንኮበር ሒሳብ ግን ውድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ወዳለ አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አረጋዊ መሪጌታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። በሲባጎ የውጩን ግድግዳ ስዞር አይተው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ተነሥተው በመቋሚያቸው መሬት ላይ ክብ አሠመሩ፣ በውስጡ ሌላ ክብ፣ በመካከሉ አራት ማዕዘን። ውጩ ቅኔ ማኅሌት፣ ሁለተኛው ቅድስት፣ መካከሉ መቅደስ። ክብ ውስጥ የገባ አራት ማዕዘን! ቪትሩቪየስ እጁንና እግሩን የዘረጋውን ሰው በክብም በካሬም ውስጥ እንደሚገባ የገለጸው፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ የሣለው ያው ሁለቱ ቅርጽ ነው። አንዱ ከሌላው ቀዳ እያልኩ አይደለም። ሰማይን በክብ፣ የሰው እጅ የሠራውን በማዕዘን ማሰብ ለብዙ ሕዝብ የቀረበ ይመስለኛል።

«ልክ ከፈለግሽ ከዘጸአት ጀምሪ» አሉኝ መሪጌታ፤ ወዲያውም በቃላቸው ስለ ታቦቱ አወረዱት፦ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩና አሰላሁት። ሁለት ተኩል ለአንድ ተኩል ማለት 5 ለ3 ነው። ጣሊያናዊው የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ፓላዲዮ እ.ኤ.አ. በ1570 ባሳተመው ሥራ ለክፍል ያማሩ ናቸው ብሎ ከመረጣቸው ሰባት ቅርጾች አንዱ «ካሬና ሁለት ሦስተኛ» ነው፤ እሱም 3 ለ5 ነው። ሌሎቹ ክብ፣ ካሬ፣ የካሬ ሰያፍ፣ ካሬና ሲሶ፣ ካሬ ተኩል እና ሁለት ካሬ ናቸው። ለመሪጌታው ይህን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። «እግዚአብሔር ለሙሴ የነገረውን ለሌላውም ቢያሳየው ምን ይገርማል?» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በሙያዬ ውስጥ ብዙ ወጣቶች ስለ ወርቃማው ምጣኔ፣ ርዝመት የወርድ 1.618 እጥፍ ስለሚሆንበት ዝምድና፣ እንደ ምትሐት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ በየሕንፃው ፎቶግራፍ ላይም በዚያ ምጣኔ የተሠራ ሣጥን ይለጥፋሉ። የአቴናው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፓርቴኖን ግን የወለሉ ርዝመትና ወርዱ የተዛመዱት በ9 ለ4 ነው፤ የምሰሶው ውፍረትና ከአንዱ ምሰሶ እምብርት እስከ ቀጣዩ ምሰሶ እምብርት ያለው ርቀትም በዚያው ምጣኔ ነው። ያን ሕንፃ ያሳመረው አንድ ዝምድና ከትልቁ እስከ ትንሹ መደገሙ ነው። ቁጥሩ የትኛውም ቢሆን ቤቱ ለቃሉ መታመን አለበት።

ያደርኩት ከተማው ውስጥ ነው፤ አልጋ 150 ብር። ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ጥር 17 — ጣርማ በርና መንዝ

ማለዳ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ የመንዙን አውቶቡስ ያዝኩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ሸፈነው። ከዚያ በታች ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ፤ እኛ ግን በመዘዞ በኩል ወደ ግራ ታጠፍን። መዘዞን ካለፍን በኋላ የኋላ ጎማችን ተበሳ። መለዋወጫው ጎማም ንፋስ አልነበረውም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ቆምን፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንዲት እናት ከከረጢታቸው የገብስ ቆሎ እያወጡ ለሁላችን አደሉን። አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ በሬዎቹን ትቶ ሲያየን ቆየ፤ የቆመበት ካብ ግማሽ ሰው ቁመት አለው፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተጠግቶም ምንም አይበርደውም። እኛም ሄደን አጠገቡ ተጠጋን።

የሥራ ባልደረባዬ አባት ዘንድ ለማደር ቃል ነበረኝ። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ግንበኛ ናቸው፤ መንደሩ ውስጥ ጋሼ ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ አልኳቸው። 10 ሰዓት ላይ ስደርስ ባለቤታቸው እግርሽን ካላጠብኩ ብለው አስቸገሩኝ። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ቀጥሎም ተልባ ቀረበ። ገንዘብ ልስጥ ብል የማይታሰብ ነው፤ ያመጣሁትን ስኳርና ቡና ብቻ ተቀበሉኝ።

ቤታቸው ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ውስጡ በጭቃ የተመረገ። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብዬ ሲባጎዬን አውጥቼ ለካሁ። የውጩ ወርድ ከ10 ክንድ ጥቂት ይበልጣል፤ ግድግዳው ከ4 ክንድ ትንሽ ያልፋል፤ በሩ 3 ክንድ ከምናምን። ቁጥሩ ሁሉ ተሸራረፈብኝ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ሲባጎውን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት።

«ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በአንቺ ክንድ እንዴት ይለካል?»

በራሳቸው ክንድ እየቆጠሩ ዞሩ። ወርዱ ልክ 10። ግድግዳው ልክ 4። በሩ ሦስት ተኩል ቁመት፣ ወርዱ የዚያ ግማሽ፤ ማለትም ሁለት ካሬ አንዱ በአንዱ ላይ። የግድግዳው ውፍረት አንድ ተኩል። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጉልላቱ 5፣ ማለትም የወርዱ ግማሽ። ስለዚህ የመካከሉ ምሰሶ 9 ክንድ ነው። ተሸራርፎ የነበረው ሁሉ ሙሉ ቁጥር ሆነ። ቆሜ ቀረሁ። በሜትር ብለካው ኖሮ 4 ሜትር ከ50፣ አንድ ሜትር ከ80 እያልኩ ጽፌ እመለስ ነበር፤ ዝምድናውም ተሰውሮብኝ ይቀር ነበር።

ስለ ጣራው ጠየቅኋቸው። ሣር ውሃ የሚያሳልፈው ሲጋደም ነው፤ ቢያንስ የወጣውን ያህል ከፍ ማለት አለበት አሉ። 5 ወደ ጎን፣ 5 ወደ ላይ። ይህ በእኛ መጽሐፍ 45 ዲግሪ የሚባለው ነው። ወራጁስ? «8 ክንድ። 7ቱ ለጣራው፣ አንዷ ለጠፈጠፍ።» 5 በ5 የሆነ ካሬ ሰያፉ ከ7 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ይህም ፓላዲዮ «የካሬ ሰያፍ» ያለው ምጣኔ ነው። ጋሼ ይህን ያገኙት ከዕንጨቱ ነው። ከ8 ክንድ የረዘመ ቀጥ ያለ ወራጅ በዚህ አገር ድሮ በቀላሉ አይገኝም ነበር፤ ቤቱ 10 ክንድ ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ዕንጨቱ ጣራውን፣ ጣራው ወርዱን፣ ወርዱ ግድግዳውን ወሰነ። ግድግዳው ከጋሼ ቁመት በአንድ ጋት ብቻ ይበልጣል። ቪትሩቪየስ አራት ክንድ የሰው ቁመት ነው ያለው ትዝ አለኝና ሣቅሁ፤ የደስታ ሣቅ ነበር።

ከግቢው ጥግ ለልጃቸው የሚሠሩት ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት መሠረቱ ወጥቷል። ማዕዘኑን እንዴት ቀጥ እንደሚያደርጉ አሳዩኝ። የእኔን ባለ 12 ቋጠሮ ሲባጎ ወስደው በሦስት ችካል ወጠሩት፦ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ማዕዘኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀጥ አለ። አዲስ አበባ ያሉ ግንበኞች 60፣ 80፣ 100 ሴንቲ ሜትር እያሉ የሚሠሩት ይኸው ነው። እሳቸው ከአባታቸው ተማሩት፤ ፒታጎረስ የሚባል ሰው አያውቁም።

ማታ እሳቱ ዙሪያ ስንቀመጥ ስለ ቤቱ ውበት ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ፤ የጋሼ ባለቤት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ውበቱን አንቺ እዪው፤ ጭሱን ግን እኔ ልንገርሽ» አሉኝ። 40 ዓመት መስኮት በሌለው ቤት እንጀራ ጋግረዋል። ጣራው ውስጥ በጥላሸት የጠቆረው ሣር ከነቀዝ ይድናል፤ የእሳቸው ዓይን ግን አልዳነም። ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ጻፍኩት። የድሮውን ቤት እንዳለ መድገም ለእሳቸው ፍርድ አይደለም። ልኩ ይወሰድ፤ ጨለማው ይቅር።

በባና ተሸፍኜ ተኛሁ። ውጭ ውርጭ ነበር፤ አንድ ክንድ ተኩል የወፈረው ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲመልስ ይሰማኝ ነበር። በእቴቴ ጎረቤት የመስታወት ቤት ውስጥ ያለውን ማንደጃ አሰብኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18 — ጓሳና ደብረ ሲና

ጋሼ ጓሳውን ሳታዪ አትሄጂም ብለው ማለዳ ይዘውኝ ወጡ። ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነው ሜዳ ሙሉ በሙሉ ሣር ነው፤ ነፋስ ሲያልፍበት እንደ በግ ጠጉር ይተኛል። ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ ፀሐይ ይሞቃሉ። መንዞች ይህን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል፤ ከቀደምት አባቶቻቸው ከአስቦና ከጌራ ዘር የሆነ ብቻ ድርሻ ነበረው፣ ሜዳውም ከ3 እስከ 5 ዓመት ተከልሎ በጊዜው ለአጨዳ ይከፈት ነበር። የ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ በኋላ በሌላ መልክ መልሶ ይዞታል። የጋሼ ጣራ ክዳን ከዚህ መጣ። ሣሩ እንዲያድግ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን ከሚያስፈልገው በላይ አያሰፋም፤ የቤቱ መጠን እዚህ ሜዳ ላይም ተወስኗል።

አንድ ጅብራ አጠገብ ቆምኩ። ቅጠሎቹ ከመካከል እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፤ ላዩን ስታዩት የተሸረበ ጸጉር ይመስላል። በብዙ ዕፅዋት አዲሱ ቅጠል ከቀደመው 137.5 ዲግሪ ያህል ዞሮ ይወጣል፤ አንዱ ሌላውን ከብርሃን እንዳይከለክል። የፈረንጅ ሱፍ ፍሬዎችም ብዙ ጊዜ 34 መስመር ወደ አንድ ወገን፣ 55 መስመር ወደ ሌላው ወገን ሆነው ይደረደራሉ። ቁጥሮቹ የሚያምሩት ለማማር ስላልተመረጡ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ቦታ አግኝቶ ለጎረቤቱም ይተውለታል። ጋሼ ጅብራውን በበትራቸው ነካ አድርገው፣ «ይህስ በማን ክንድ ተለካ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና እስከ ጣርማ በር አመጣኝ፤ 50 ብር ከፈልኩ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ አየሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡ፤ በ10 ብር የገዛሁት እስከ አዲስ አበባ በቃኝ። ቤቶቹም ከአየሩ ጋር ተለውጠዋል፦ በረንዳው ሰፍቷል፣ መስኮቱ ወርዷል፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። መንዝ ላይ ጥፋት የሚሆነው እዚህ ልክ ነው።

ያደርኩበት ሆቴል አዲስ ነበር፤ አልጋ 250 ብር፣ ሙቅ ውሃም ነበረው። ደረጃውን ስወጣ ግን የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ በአራት ጣት ከፍ ብሎ ኖሮ ተደናቅፌ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ደብተሬም እስከ ታች ተንከባለለ። አስተናጋጇ ልጅ ሮጣ መጥታ አነሣችኝ፤ እንግዳ ሁሉ እዚያ ቦታ ይወድቃል አለችኝ። ፈረንሳዊው የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ብሎንዴል እ.ኤ.አ. በ1675 ደረጃን በሰው እርምጃ ነበር የለካው፦ የሁለት እርከን ከፍታና የአንድ መርገጫ ስፋት ተደምረው አንድ እርምጃ ይሁኑ። ዛሬም ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር እንይዛለን። እግር ሁለት እርከን ከረገጠ በኋላ ሦስተኛውን ሳያይ ያምናል፤ ያን እምነት መክዳት ሰው መጣል ነው። ጉልበቴን በሙቅ ውሃ እያሸሁ፣ የምጣኔ ነገር የውበት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ደረጃ አሳየዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ፣ ጥር 19 — ደብረ ብርሃን

ከቅዳሴ በኋላ እቴቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቦታው ላይ አገኘኋቸው። ስለ ቪትሩቪየስ አልነገርኳቸውም። ስለ ጋሼ ባለቤት ዓይን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ስለ ድንጋዩ ሙቀት። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ የእኔ ስንት ክንድ ነው?» አሉኝ።

ክንዳቸውን ለካሁ፤ 42 ሴንቲ ሜትር። የገበያው ብሎኬት ርዝመቱ 40 ነው። ዕድሜ ልኬን ብሎኬት ሳስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ ብሎኬት ማለት የዘመናችን ክንድ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። እንግዲህ ክፍሎቹን በብሎኬት፣ እጅ የሚነካውን በእቴቴ ክንድ ለማድረግ ተስማማን። ሳሎኑ 9 ብሎኬት በ12 ብሎኬት፤ ማለትም 3.60 በ4.80 ሜትር፣ 3 ለ4። የኮርኒሱ ከፍታ 2.70፤ ይህም ከወርዱ ጋር እንደገና 3 ለ4 ነው። ብሎኬት ብዙ አይቆረጥም፣ ሲሚንቶም ብዙ አይባክንም። እስከ መስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ የአካባቢው ድንጋይ ይሆናል። መስኮቶቹ በሙሉ አንድ ቅርጽ፣ 90 በ150 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ለ5፤ አብዛኞቹ ወደ ደቡብ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደዚያ ስለምታዘነብል። ወደ ምዕራብ አንድ ብቻ። ወጥ ቤቱ ለብቻው ይቆማል፤ ጭስ የሚወጣበት በቂ ቀዳዳ ይኖረዋል። በሩ 5 ክንድ ቁመት፣ 2 ክንድ ወርድ፤ የወጥ ቤቱ መደብ 2 ክንድ ከፍታ።

እቴቴ እዚህ ላይ አስቆሙኝ። በሩ ጠበበ አሉ። ለቅሶ ሲሆን ሰው በገፍ ይገባል፤ ድንኳን ቢጣልም የቅርብ ዘመድ ሳሎን ነው የሚቀመጠው፤ እንስራ የያዘች ልጅና ወንበር የተሸከመ ሰው በአንድ በር ይተላለፋሉ። ልክ ናቸው። የሳሎኑን በር 3 ክንድ በ5 ክንድ አድርጌ ባለ ሁለት መዝጊያ ሣልኩት፤ ከመስኮቶቹ ጋርም በዚያው ተዛመደ። የጎረቤታቸውን ሕንፃ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩና ምንም አላሉም።

ችካልና የመንዙን ሲባጎ አወጣሁ። የልጅ ልጃቸው አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን፤ እቴቴ ማዕዘኑ ላይ ቆመው ቋጠሮውን ቆጠሩልን። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሳሎኑ መሬት ላይ ሲወጠር ጫማቸውን አውልቀው በሩ በሚሆንበት ቦታ አልፈው ገቡ፤ ወደ ደቡብ ዞሩና መስኮቱ ይሆናል ባልኩት ቦታ ፊት ቆሙ። የቀትር ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነበረች።

«አልጋዬን እዚህ ጥግ አድርጊልኝ» አሉ። «ጠዋት ስነሣ ሥላሴን እንዳይ።»

አልጋውን ሣልኩት።